የፒካፕ ካሶኒ ቤድላይነር፦ እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይገጠማል?

ፒካፕ የገዛ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይደውልልኛል፦ «ካሶኒው እንዳይላላጥ ፕላስቲክ ልግጠምለት ወይስ ላስረጨው?» ሦስት ወር ቆይቶ ደግሞ ሁለተኛው ስልክ ይመጣል፦ «ፕላስቲኩ እየተንኳኳ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርገው?» ሁለቱንም በስልክ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ካሶኒ የምለው የፒካፑን የኋላ መጫኛ ነው፤ ቤድላይነር ደግሞ ያንን የሚሸፍነውን ልባስ። እጄ የለመደው ሃይሉክስ ስለሆነ ምሳሌዬም እሱ ነው። ዲማክስ፣ ኤል 200 ወይም ሬንጀር ለያዛችሁም ልኩ ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ካሶኒን የሚጨርሰው ውሃ ነው። ጭነት ቀለሙን ይልጠዋል፣ ወለሉን ያጎደጉደዋል፤ ላሜራውን የሚበላው ግን በተላጠው በኩል የገባው እርጥበት ነው። አንዴ አንድ ቪጎ (የድሮው ሃይሉክስ) መጣልንና ፕላስቲኩን ስናነሳው ከሥሩ የተጋገረ ቀይ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ ደግሞ ስንዴ በቅሎ አገኘን፤ ብርሃን ያላየ፣ ጣት የሚያህል ነጭ ቡቃያ። ረዳቴ ባለቤቱን «ጋሼ፣ እርሻ ጀመሩ እንዴ?» አላቸውና ሳቅን። ጭቃውን በስፓቱላ መፋቅ ስጀምር ግን ወለሉም አብሮ ተነሳ፤ በቀዳዳው አሻግረን የኋላ ጎማውን አየነው። ያ ፕላስቲክ ከላይ ሲታይ እንደ አዲስ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ግማሾቹ ፕላስቲኩ ገና ሳይነካ የሚሠሩ ናቸው፤ እነሱን ዘልላችሁ ወደ ትራፓኖው አትሩጡ።

የትኛው ዓይነት ይሆናችኋል?

ገበያ ላይ በዋናነት ሦስት ነገር ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው በካሶኒው ቅርጽ ተሠርቶ የሚመጣው ጥቁር ተገጣሚ ፕላስቲክ ነው። ሃይሉክስ ታይላንድም ስለሚመረት፣ ለእሱ የሚሆነውን ፕላስቲክ የሚሠሩ እንደ ኤሮክላስ ያሉ ፋብሪካዎች እዚያው አሉ። ድንጋይ ሲራገፍበት ምቱን ፕላስቲኩ ስለሚቀበል ላሜራው አይጎደጉድም። በግማሽ ቀን ይገጠማል፤ መኪናውን ስትሸጡ ነቅላችሁ ማስቀረትም ትችላላችሁ። ችግሩ ከሥሩ ውሃና አቧራ መያዙ ነው። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያ አቧራ በፕላስቲኩና በቀለሙ መካከል እየተፈጨ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ደግሞም ያንሸራትታል።

ሁለተኛው የሚረጨው ወይም በሮለር የሚቀባው ነው። ፖሊዩሬቴን የሚባል ነገር ነው፤ ላሜራው ላይ ተጣብቆ እንደ ሻካራ ጎማ ይደርቃል። በመካከል ክፍተት ስለማይኖር ውሃ የሚያድርበት ቦታ የለም፤ አይንኳኳም፤ ጭነቱንም ይይዛል። ንብርብሩ ቀጭን ስለሆነ ግን ከባድ ድንጋይ ሲወድቅበት ላሜራው ይጎደጉዳል። ካልወደዳችሁት መንቀል የለም። ከሥሩ ዝገት ቀርቶ ከሆነም ታሽጎ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።

ሦስተኛው ወለሉ ላይ ብቻ የሚነጠፍ የጎማ ምንጣፍ ነው። ጎኖቹን አይሸፍንም፤ ግን ርካሽ ነው፣ አያንሸራትትም፣ ለመግጠም ምንም መብሳት አያስፈልግም።

የእኔ ምርጫ በጭነቱ ነው። ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ የግንባታ ብረት የምትጭኑ ከሆነ ፕላስቲኩን ግዙ። ማዳበሪያ፣ በግና ፍየል፣ እህል የምታመላልሱ ከሆነ አስረጩ። ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ ይረጥባል፤ የከብት ሽንትም ከእሱ አይሻልም። ሁለቱም ፕላስቲክ ሥር ከገቡ ከላይ ብታጥቡት አይወጡም። ሻንጣና የገበያ ዕቃ ብቻ የምትጭኑ ደግሞ የጎማ ምንጣፉ ይበቃችኋል፤ በትርፍ ነገር ኪሳችሁን አትጉዱ። አቅሙ ያለው ሰው አስረጭቶ ከላይ ፕላስቲክ ቢገጥም ከሁሉም ይሻላል፤ ከሥር የገባው ውሃ ራቁቱን ላሜራ አያገኝማ።

ስትገዙ የምታዩት

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገብታችሁ «የሃይሉክስ ስጡኝ» ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ ሊገጥምም ላይገጥምም ይችላል። ቪጎውና በፈረንጆቹ 2015 የመጣው ሬቮ ካሶኒያቸው አንድ አይደለም። የደብል ጋቢናው ካሶኒ 1.5 ሜትር ገደማ ሲሆን የሲንግሉ ከ2 ሜትር ያልፋል። ሻጩ «ይገጥማል፣ ትንሽ ቆረጥ ማድረግ ነው» ካላችሁ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ፤ የተቆረጠ ፕላስቲክ ከቆረጣችሁበት ይሰነጠቃል።

ከቤት ሳትወጡ አራት ነገር ለኩና ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ ከፊተኛው ግድግዳ እስከ ተዘጋው የኋላ ስፖንዳ (ወደ ታች የሚከፈተው በር) ያለውን ርዝመት (በወለሉ በኩል)፣ በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች (ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ባበጠው ላሜራ) መካከል ያለውን ስፋት፣ ከላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ስፋት፣ እና ጥልቀቱን። ከልኩ ጋር የካሶኒውን ፎቶ አንሱ። ፎቶው የሚጠቅመው ለገመድ ማሰሪያ መንጠቆዎቹ ነው፤ አንዳንዱ መኪና መንጠቆው ከውስጥ ነው፣ አንዳንዱ ከውጭ። ከውስጥ ከሆነ ፕላስቲኩ በዚያ ቦታ ክፍት መሆን አለበት፤ አለዚያ ሸራና ገመድ የምታስሩበት ታጣላችሁ።

ፕላስቲኩ ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የስፖንዳውን ጠርዝ ከላይ አጥፎ ይሸፍናል፤ ሌላው ከጠርዙ በታች ይቀራል። ካኖፒ (ካሶኒውን ከላይ የሚከድን ጠንካራ ክዳን) ወይም ሸራ መክደኛ ያላችሁ፣ ወይም ወደፊት ለመግጠም የምታስቡ፣ ከጠርዝ በታች የሚቀረውን ውሰዱ። ካኖፒ ባዶ ላሜራ ላይ ካልተቀመጠ ዝናብ ያስገባል።

ጥራቱን ለማየት የታችኞቹን የፊት ማዕዘኖች በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ። ይህ ፕላስቲክ ጠፍጣፋ ሆኖ በሙቀት ተለስልሶ ቅርጽ የሚይዝ ስለሆነ፣ በጣም የሚለጠጠው እና የሚሳሳው ጥልቅ ማዕዘኑ ላይ ነው። እንደ ውሃ ኮዳ እጥፍ ካለ ወይም የተጫናችሁት ቦታ ከነጣ ተዉት። ያገለገለ ስትገዙ የድሮ ብሶቹን ቁጠሩ፤ በብሶቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ያ ስንጥቅ መሄዱን አያቆምም። የኋላ ስፖንዳው ቁራጭ፣ መንጠቆዎቹና ቪቴዎቹ አብረው መኖራቸውንም ሂሳብ ሳትከፍሉ አረጋግጡ። ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

ፕላስቲኩን ለመግጠም የሚያስፈልግ

- ሜትርና ጠመኔ
- ትራፓኖ ከሁለት ፑንታ ጋር፦ አንዱ ለላሜራው በቪቴው ልክ፣ ሌላው ለፕላስቲኩ ከቪቴው ውፍረት በ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ
- ካቻቢቴና የቁልፍ ስብስብ
- ሰፋ ያለ ሮንዴላ፣ ከሥሩ የሚገባ የጎማ ሮንዴላ
- የሽቦ ብሩሽ፣ ባለ 80 እና ባለ 180 ብርጭቆ ወረቀት
- ቲነርና ቀለም የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ
- ኤፖክሲ ፕራይመር ወይም ዚንክ ያለበት አንቲረስት፣ ከመኪናው ቀለም ትንሽ
- አሮጌ ከመናዳሪ፣ መቀስ፣ የጎማ ማጣበቂያ
- ሲሊኮን (ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን አትግዙ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ላሜራ ያዝጋል)
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ እና አንድ ረዳት። ፕላስቲኩ ክብደቱ ያን ያህል አይደለም፤ ቅርጹ ነው ለአንድ ሰው የማይመቸው

አገጣጠሙ

1. ካሶኒውን ባዶ አድርጋችሁ በደንብ አሳጥቡ። ላቫጆ ውሰዱትና ውሃውን በግፊት ከጠርዙ ሥር፣ ከጎማ ጉብታው ጀርባ፣ ከኋላ ስፖንዳው ማጠፊያ ውስጥ እንዲያስገቡ ንገሯቸው። የሲሚንቶ ብናኝ ካለ ከማጠባችሁ በፊት በደረቁ ጥረጉት፤ ከረጠበ ይይዛል። አንድ እፍኝ አሸዋ ከሥር ከቀረ ከላይ ያልኳችሁ ብርጭቆ ወረቀት እሱ ነው።

2. ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ የኋላ ስፖንዳውን ከፍታችሁ አድርቁ። ወለሉ ደርቆ ቢታይም የላሜራው መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ ይቆያል። ክረምት ላይ ከሆነ ሁለት ቀን ስጡት። የረጠበ ካሶኒ ላይ መክደን ማለት ዝገቱን በእጃችሁ መዝራት ነው።

3. ዝገት ፈልጉ። ዓይን ብቻ አይበቃም፤ በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ይደነቁራል። በተለይ የምታዩት ወለሉና የፊት ግድግዳው የሚገናኙበትን መስመር፣ የጎማ ጉብታዎቹን ዙሪያ፣ ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች፣ እና የኋላ ማዕዘኖቹን ነው። ቀለሙ እንደ ሽፍታ ፊኛ ፊኛ ካለበት በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በሉት። ጫፉ ካለፈ ሥራው የላሜራ ሠራተኛ ነው፤ ተበይዶ ሳያልቅ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አትሂዱ።

4. ዝገቱን እስከ ነጭ ብረት አንሱና ቀቡ። በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በባለ 80፣ መጨረሻ በባለ 180 ፈትጉት። በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቀለምም ሁለት ጣት ያህል አብራችሁ አሻክሩት፤ ፕራይመር ለስላሳ ቀለም ላይ አይይዝም። ብናኙን ጥረጉ፣ በቲነር ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጃችሁ አትንኩት፤ የጣት ቅባት ይበቃል ቀለም ለማስነሳት። ፕራይመር ቀቡ፣ ሲደርቅ ቀለም አልብሱት፣ አሳድሩት።

5. የውሃ መውጫዎቹን ፈትሹ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙና በፊት ግድግዳው በኩል አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱ። በየት እንደሚወጣ እዩ። ኩሬ የሚሠራበት ቦታ ካለ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ በሽቦ ክፈቱት። አንዳንድ ሰው አቧራ ከታች እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ይደፍናል። ከፕላስቲኩ ሥር የሚገባውን ውሃ ማስቆም አይቻልም፤ የምንችለው መውጫ መስጠት ነው። ሲሊኮኑ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው፤ እደርስበታለሁ።

6. ፕላስቲኩን ፀሐይ ላይ አስጡት። ከሰዓት በፊት አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ብርድ ላይ ያደረ ፕላስቲክ ደረቅ ነው፤ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የሞቀው እጅ ላይ ይለስልሳል።

7. ሳትበሱ ሞክሩት። የኋላ ስፖንዳውን ክፈቱ። አንዳችሁ በቀኝ፣ አንዳችሁ በግራ ሆናችሁ ጎኖቹን ወደ ውስጥ ጠጋ አድርጉ፣ ፊቱን አስቀድማችሁ አግቡት፣ የጎማ ጉብታዎቹን ካለፈ በኋላ ልቀቁት። ከዚያ ከኋላ በመዳፋችሁ እየመታችሁ ወደ ፊት ግድግዳው አስጠጉት። አሁን የኋላ ስፖንዳውን ዝጉ። ፕላስቲኩን ሳይነካ መዘጋት አለበት፤ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ይህ ክፍተት የማጌጥ ጉዳይ አይደለም፦ 1.5 ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በጧት ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል የሙቀት ልዩነቱ 30 ዲግሪ ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መኪናው አፋር ወይም ድሬዳዋ የሚወርድ ከሆነ ክፍተቱን ሰፋ አድርጉት። መተንፈሻ ያጣ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ጉብ ይላል፤ እየተራገጠ ሲሄድ ይሰነጠቃል።

8. የሚያርፍባቸውን ቦታዎች በከመናዳሪ ለብጡ። ፕላስቲኩን አውጡና ጠርዙ የሚነካበትን፣ መንጠቆው የሚይዝበትን እና የጎማ ጉብታው አናት ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በጠመኔ ለዩ። ከመናዳሪውን በሁለት ጣት ስፋት ቆርጣችሁ ከፕላስቲኩ ጀርባ አጣብቁ። በመኪናው ላይ ሳይሆን በፕላስቲኩ ላይ ያልኩት ስታነሱት አብሮ እንዲነሳና ከሥሩ ማጽዳት እንድትችሉ ነው። ስፖንጅ እንዳታስገቡ። ስፖንጅ ውሃ መጥጦ ላሜራው ላይ ለወራት ያቆያል፤ ብዙ «የተንኳኳ ፕላስቲክ» ጠግነው የሚመልሱ ሰዎች የሚያስገቡት እሱን ነው፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ዝገቱ ይጀምራል።

9. ምልክት አድርጉና ብሱ። መጀመሪያ ጥያቄው መብሳት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። በመንጠቆ ብቻ የሚያዝ ከሆነ አትብሱ፤ እያንዳንዱ ብስ አንድ የዝገት በር ነው። ቪቴ የግድ ከሆነ ብሱት ከጠርዙ አጠገብ በጎን ግድግዳው ላይ ይሁን፤ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ነው። የፑንታው ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲቀር ከጫፉ ከፍ ብላችሁ ፕላስተር ጠቅልሉበት። የካሶኒ ግድግዳ ውስጥና ውጭ ሁለት ላሜራ ነው፤ ውስጠኛውን ስታልፉ ትራፓኖው ሳታስቡት ይሸሻል፣ ውጨኛውን ቀለም የተቀባ ጎን በስታችሁ ታገኙታላችሁ። የፕላስቲኩን ብስ ከላሜራው ብስ አስፉት፤ ፕላስቲኩ ሲረዝምና ሲያጥር ቪቴው እንዳይዘው ነው።

10. ብሱን ቀቡና እሰሩ። የብሱን ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ የወደቀውን የብረት ብናኝ አንድም ሳይቀር አንሱ፤ በአንድ ሌሊት ጤዛ ይዝግና በቀለሙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። በቀጭን ብሩሽ ፕራይመር ቀቡ፣ ይድረቅ። አሁን ነው ሲሊኮኑ የሚያስፈልገው፤ ቪቴው አንገት ላይ ትንሽ ቀብታችሁ፣ የጎማ ሮንዴላውን ከሥር አድርጋችሁ እሰሩ። ሮንዴላው ፕላስቲኩን ነክቶ ሲቆም ሩብ ዙር ጨምሩና ተዉት። ያለ ልክ የተጠበቀ ቪቴ ፕላስቲኩን ያሰምጠዋል፤ ስንጥቁ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

11. የኋላ ስፖንዳውን ቁራጭ ግጠሙ። ሥራው እንደ ቁጥር 9 እና 10 ነው። ልዩነቱ ስፖንዳው ውስጥ የእጀታው ዘንግና የመቆለፊያው ሽቦ ማለፋቸው ነው፤ ከመብሳታችሁ በፊት መክደኛውን ክፈቱና በየት እንደሚሄዱ እዩ።

12. ንዱትና መልሳችሁ አጥብቁ። ባዶውን ኮብልስቶን መንገድ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ንዱትና ስሙ። ሳምንት ቆይታችሁ ቪቴዎቹንና መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ነክታችሁ እዩ፤ ፕላስቲኩ ቦታውን ሲይዝ የተወሰኑት ይላላሉ።

ማስረጨት ለመረጣችሁ

እቃው ሁለት ፈሳሽ ነው፤ ዋናው እና ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው)። በሰፊው የሚታወቀው ራፕተር የሚቀላቀለው 3 እጅ ለ1 እጅ ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ ወለሉ፣ ሦስቱ ግድግዳና የኋላ ስፖንዳው ተደምሮ 5 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባለ 4 ጠርሙሱ ካርቶን ለሁለት ዙር ይበቃዋል። ስትገዙ ሃርድነሩን ወደ ብርሃን አንሱ፤ ከደፈረሰ ወይም ከረጋ እርጥበት ገብቶበታል፣ አይሠራም።

1. ከላይ ያሉትን ከ1 እስከ 4 ሥሩ። እዚህ ላይ ግን ማሻከሩ ለዝገቱ ቦታ ብቻ ሳይሆን ለመላው ካሶኒ ነው፤ በባለ 180 ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ድረስ። የሚያንጸባርቅ ቦታ ከቀረ ልባሱ ከዚያ ተነስቶ እንደ ልጣጭ ይወጣል።

2. ሸፍኑ። የመኪናውን ጎን፣ መስታወቱን፣ የኋላ መብራቶቹን በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። የውሃ መውጫዎቹን በጨርቅ ውተፉ፤ ሳይደርቅ ታወጡታላችሁ። የካሶኒውን ብሎኖች አናት ሳትረሱ ሸፍኑ፤ ነገ የነዳጅ ፓምፕ ለመቀየር ካሶኒ መነሳት ካለበት በልባስ የተደፈነ ብሎን ቁልፍ አይቀበልም።

3. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ። ክረምት ላይ አትርጩ። ሃርድነሩ ከውሃ ጋር ስለሚገናኝ የረጠበ አየር አረፋ ያወጣበታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሩ፤ ላሜራው ሞቆ፣ ጤዛው ደርቆ፣ ፀሐይ ሳትገባ ሁለቱንም ዙር ትጨርሳላችሁ።

4. በሚረጨው ልክ ቀላቅሉ። ከተቀላቀለ በኋላ የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ አራቱንም ጠርሙስ በአንድ ጊዜ የቀላቀለ ሰው ሁለቱን የመርጫ ሽጉጡ ውስጥ ያደርቃል። ለሁለት ደቂቃ በደንብ ናጡት።

5. ከማዕዘኖቹ ጀምሩ። ኮምፕረሰሩን ከ3 እስከ 4 ባር አድርጉ፣ ሽጉጡን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ አሳልፉ። የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን፤ ቀለሙ ከሥር ትንሽ ቢታይ ምንም አይደለም። አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ ሁለተኛውን አወፍሩት። አንዴ አወፍራችሁ ልጨርስ ካላችሁ ግድግዳው ላይ ይወርዳል።

6. ፕላስተሩን ልባሱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር አንሱ፣ ከጠነከረ ጠርዙን ይዞ ይቀደዳል። ጭነት ለሳምንት አትጫኑበት። ሲነካ ደርቋል ማለት ከውስጥ ጠንክሯል ማለት አይደለም።

ተጠንቀቁ

ነዳጅ። ጀሪካን ካሶኒው ላይ እንዳለ ነዳጅ አትቅዱበት፤ አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። ነዳጅ ሲፈስ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ከሆነ ያ ሙል ወደ መሬት ይወርዳል፤ ፕላስቲክ ላይ ከሆነ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀምና ወደ ቧንቧው ጫፍ ብልጭ ይላል። በዚያን ሰዓት በአፉ ላይ የቤንዚን ትነት አለ። የብረት ጀሪካንም ቢሆን ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ፕላስቲክ ለገጠምኩለት ሰው ሁሉ ቁልፉን ሳልሰጠው ይህን እነግረዋለሁ።

ትንፋሽ። የሚረጨው ልባስ ሃርድነር አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት። አስም ያስይዛል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ትንሹም ይበቃዋል። የወረቀት ማስክ አያስጥልም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ከሌላችሁ ሥራውን ያለው ጋራዥ ይሥራው። ልጆች ያሉበት ግቢ ውስጥ አትርጩ።

ወለል። ወለሉን በጭራሽ አትብሱ። ከሥሩ የነዳጅ ታንከሩ፣ የፍሬን ቱቦው እና የኋላ መብራት ገመዱ አሉ።

መንሸራተት። ባዶ ላሜራ ላይ ተረጋግቶ የሚሄድ ፍሪጅ ፕላስቲክ ላይ እንደ በረዶ ነው። ዓባይ በረሃን ስትወርዱ ያልታሰረ ዕቃ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ይፈልጋል። ወይ እሰሩ፣ ወይ በላዩ የጎማ ምንጣፍ ጨምሩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዲስ መኪና ስለሆነ ዝገት የለውም ብሎ ከቁጥር 2 ወደ 6 መዝለል። ከወደብ እስከ አዲስ አበባ በመጣበት መንገድ ብዙ ነገር ይነካዋል፤ ቢያንስ በእጃችሁ ዳሱት።

ቀጭን ቪቴ በብዛት መምታት። «ስድስት ከሚሆን አሥራ ሁለት ይሁን፣ አይላላም» ይባላል። ፕላስቲኩ መንቀሳቀስ ሲያጣ በመካከል ጉብ ይላል፤ ብሶቹም እጥፍ ሆኑ።

ገጥሞ መርሳት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ እና ጥቅምት ላይ ከወጣ በኋላ፣ ቪቴዎቹን ፈትታችሁ ፕላስቲኩን አንሱ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ የተላጠውን ቀቡ። ሁለት ሰዓት አይፈጅም። የቪጎው ባለቤት ይህን አድርገው ቢሆን ስንዴው ባልበቀለ።

የሚረጨው ጠንክሮ ሳይጨርስ መጫን። ትላንት አስረጭቶ ዛሬ ብሎኬት የጫነ ሰው አውቃለሁ፤ የብሎኬቱ አሻራ እስከ ዛሬ ወለሉ ላይ አለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስልክ፦ «ይንኳኳል»። ካሶኒው ውስጥ ገብታችሁ ረዳታችሁ መኪናውን ከጎን ያወዛውዝ፤ እናንተ መዳፋችሁን በየቦታው ጫኑ። ስትጫኑት ድምፁ የሚቆምበት ቦታ እሱ ነው። ጠርዝ ላይ ከሆነ ከመናዳሪው ተነስቷል ወይም አልተለጠፈም። የፊት ግድግዳው ላይ ከሆነ ፕላስቲኩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ቪቴዎቹን አላልታችሁ ወደ ፊት ምቱትና እንደገና እሰሩ። የጎማ ጉብታው ላይ ከሆነ ከሥሩ ጠጠር ገብቷል፣ መነሳት አለበት። ወለሉ መካከል ከሆነና ጉብ ካለ ግን ጉዳዩ የክፍተቱ ነው፦ በቀትር ፀሐይ የኋላ ስፖንዳውን ዝጉና ፕላስቲኩ እየነካው መሆኑን እዩ። ከነካው ከኋላው ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር በሞረድ አንሱለት፤ በመጋዝ ሳይሆን በሞረድ።